ከ500 ወደ 480፦ የአንድ ዲስክ ክሎን ሥራ ማስታወሻ፣ ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ከኮምቦልቻ መጣ። ባለቤቱ የፎቶ ስቱዲዮ ያላቸው አዛውንት ሲሆኑ፣ ማሽኑ ለመነሣት ከ10 ደቂቃ በላይ እንደሚፈጅና አንዳንድ የሰርግ ፎልደሮች ሲከፈቱ ጨርሶ እንደሚደርቅ ነገሩኝ። የፈለጉት ኤስኤስዲ (ተሽከርካሪ አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) እንዲገባለት ነው፤ «ልጄ፣ ውስጡ ያለው አንድም ሳይጎድል እንደነበረ ይምጣልኝ» ብለው አደራ ሰጥተው ሄዱ።

ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን የግማሽ ቀን ሥራ በሆነ ነበር። ነገር ግን የስቱዲዮው ሒሳብ የሚሠራው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ፕሮግራም ሲሆን፣ የመጫኛው ሲዲና የመለያ ቁጥሩ ጠፍተዋል፤ በጊዜው የጫነላቸው ባለሙያም ከአካባቢው ከለቀቀ ቆይቷል። ስለዚህ ያለው መንገድ ዲስኩን ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙና ከነፎቶው ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ክሎን ማድረግ የሚባለው፣ ብቻ ነው።

ማሽኑ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋባይት ሲሆን ዊንዶውስ 10 በኤምቢአር (በቆየው የዲስክ አከፋፈል ዘዴ) ተጭኖበታል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን ማብቃቱን ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ስለሆነ ይህ ማሽን አይደርስበትም፤ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል። ዲስኩ ባለ 3.5 ኢንች፣ 500 ጊጋባይት ነው። ከዲስኩ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ለሲ 150፣ ለዲ 315 ጊጋባይት ተሰጥቷቸዋል፤ በሁለቱ ላይ የተያዘው ግን 297 ብቻ ስለሆነ ከፒያሳ 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ በ6,800 ብር ገዛሁ።

የመገልበጫ ሶፍትዌሩን የመረጥሁት በልማድ ነው። በፍላሼ ላይ የማክሪየም ሪፍሌክት ስምንተኛ እትም፣ የነጻው፣ ከድሮ ጀምሮ አለ። የነጻው እትም የደኅንነት ማሻሻያ በፈረንጆቹ ጥር 2024 የቆመ ሲሆን፣ አሁን ያለ ክፍያ የሚገኘው ለ30 ቀን የሚሠራው የሙከራ እትም ነው። ያም ሆኖ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚመች ነው፤ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ የጥላ ቅጂ በሚባለው ዘዴ ይገለብጣል፣ መድረሻው ዲስክ አነስ ካለም ፓርቲሽኖቹን አሳንሶ ማስገባት ይችላል።

መገልበጡ 41 በመቶ ላይ ቆመ። መልእክቱ «ማንበብ አልተቻለም፣ ስህተት 23፣ ሳይክሊክ ሪደንዳንሲ ቼክ» ይላል። ኬብሉን ቀይሬ ደገምሁት፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክረው ዲስኩ ከወትሮው የተለየ የመፋቅ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ አጥፍቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ሌሎች አማራጮችን ፈተሽሁ። ነጻ ነኝ የሚል አንድ ሶፍትዌር የዳታ ዲስክ ላይ ምንም ሳይል፣ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ሲመረጥለት ግን የመጨረሻዋ ቁልፍ ላይ ክፍያ ጠየቀ። ከዲስክ አምራቾች በነጻ የሚሰጡትም አልሆኑልኝም፤ የሳምሰንግ መገልበጫ የሚሠራው መድረሻው የሳምሰንግ ኤስኤስዲ ሲሆን ብቻ ነው፣ ለዌስተርን ዲጂታል ተብሎ የተዘጋጀው አክሮኒስም ከተገናኙት ዲስኮች ቢያንስ አንዱ የዚያው አምራች እንዲሆን ይፈልጋል። የእኔ ሁለቱ ዲስኮች ከሁለቱም ወገን አይደሉም። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር በፍላሽ ሊሰጠኝ ቢፈቅድም አልተቀበልሁም። የሰው ሒሳብ ያለበትን ዲስክ ማን እንደነካካው በማላውቀው ፕሮግራም አሳልፌ ቫይረስ ብጨምርበት ለባለቤቱ የምሰጠው መልስ የለኝም።

ቀጥሎ ክሎንዚላን ያዝሁ። ታይዋን ውስጥ የተሠራ፣ ነጻና ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ከፍላሽ ስለሚነሣ ዊንዶውስ አያስፈልገውም፣ ገጹ ግን በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ሰማያዊና ግራጫ ስለሆነ አዲስ ሰው ያስደነግጣል። ይህን ገጽ የሚፈራ ሰው ሬስኪውዚላ የተባለውን፣ በመዳፊት የሚሠራውን ዘመዱን መጠቀም ይችላል። ክሎንዚላ ፓርትክሎን በሚባል ሞተር የተያዙትን ብሎኮች ብቻ ስለሚገለብጥ ፈጣን ነው።

ሁለት ጊዜ እምቢ አለኝ። የመጀመሪያው እምቢታ የመጠን ነው። 500 ጊጋባይት የሚባለው ዲስክ 976,773,168 ሴክተር (ባለ 512 ባይት የዲስክ ቁራሽ) ሲኖረው፣ 480 የሚባለው 937,703,088 ነው ያለው፤ ልዩነቱ 20 ጊጋባይት ያህል ነው። የማክሪየም ልማድ «የተያዘው ቦታ ከበቃ በቂ ነው» ብሎ አሳስቶኝ ነበር፤ ክሎንዚላ ግን ካልተነገረው በስተቀር የሚያወዳድረው የተያዘውን ሳይሆን የዲስኩን ሙሉ መጠን ነው። ቁጥጥሩን በኤክስፐርት ሞድ ማለፍ ቢቻልም፣ የመጨረሻው ፓርቲሽን ከአዲሱ ዲስክ ጫፍ አልፎ ስለሚሄድ መጀመሪያ ማሳነስ ግድ ነው። ሁለተኛው እምቢታ የፋይል ሲስተሙ ነው፤ ፓርቲሽኑ በንጽሕና አልተዘጋም አለኝ። ይህ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ በተባለው ዘዴ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ስለሚቀር የሚመጣ ነው፤ መፍትሔው ሃይበርኔሽንን (ይህን የእንቅልፍ ዘዴ) ማጥፋትና ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛ ማስኬድ ነው።

ቼክዲስክን ልጽፍ እጄ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ነው ትናንት የሰማሁት ድምፅ ትዝ ያለኝ። ሰኞ ጠዋት፣ ከሁሉም በፊት ማድረግ የነበረብኝን ያን ጊዜ አደረግሁ፤ የዲስኩን የጤና መዝገብ፣ ስማርት የሚባለውን፣ በክሪስታልዲስክኢንፎ ከፈትሁ። ቀለሙ ቢጫ፣ ቃሉ «ጥንቃቄ» ነበር። ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች በሚለው መስመር ላይ 48 የሚል ቁጥር አየሁና 48 ብዬ መዘገብሁ፤ ሆኖም ይህ ፕሮግራም ካልቀየሩት በስተቀር ጥሬ ቁጥሮቹን የሚያሳየው በአሥራ ስድስት መሠረት ስለሆነ ትክክለኛው 72 (4 ጊዜ 16 ሲደመር 8) ነው። 72 በ8 የሚካፈል መሆኑም ትርጉም አለው። ይህ ዲስክ በውስጡ ባለ 4,096 ባይት ሴክተር ሆኖ ለኮምፒውተሩ ባለ 512 መስሎ የሚታይ ስለሆነ፣ አንድ የውስጥ ሴክተር ሲበላሽ ከውጭ ስምንት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ የሞቱት ዘጠኝ ናቸው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ተለወጠ። ሁለት ቀን ሙሉ «የትኛው ክሎን ሶፍትዌር ይሻላል» እያልሁ ስጠይቅ የነበረው ጤነኛ ዲስክ ያለኝ መስሎኝ ነው። ለታመመ ዲስክ የሚያስፈልገው ሲበላሽበት የማይቆም፣ የተበላሸውንም ደጋግሞ እየነካ ዲስኩን የማይጨርስ መሣሪያ ነው። ቼክዲስክም በታመመ ዲስክ ላይ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ የከፋው ነው፤ ፋይል ሲስተሙን ለማስተካከል እዚያው ላይ ይጽፋል፣ በጥልቅ ፍተሻው ደግሞ የዲስኩን የማንበቢያ ጭንቅላት ደካማው ቦታ ላይ ያመላልሰዋል። በየጥገና ቤቱ የመጀመሪያው እርምጃ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ እኔም ልደግመው ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሥራውን ለሁለት ከፈልሁት። መጀመሪያ ከታመመው ዲስክ የሚገኘውን ሁሉ ወደ ሦስተኛ፣ ሰፋ ወዳለ ዲስክ ማውጣት፤ ከዚያ ጥገናውንና ማሳነሱን በቅጂው ላይ ሠርቶ ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ። በቀጥታ ወደ 480ው መሄድ የማይቻለው፣ ለማሳነስ በታመመው ዲስክ ላይ ዳታ ማንቀሳቀስና መጻፍ ስለሚያስፈልግ ነው። ያገለገለ 1 ቴራባይት ዲስክ በ3,200 ብር ገዛሁ፤ ይህኛውን ስማርቱን ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ ካየሁ በኋላ ነው የከፈልሁት።

ለመጀመሪያው ክፍል ዲዲ የተባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ አሰብሁና ተውሁት። ዲዲ በየትኛውም ሊኑክስ ላይ አለ፤ ስህተት ሲያገኝ እንዲያልፍ ማዘዝም ይቻላል። ነገር ግን ለፍጥነት ሲባል በ4 ሜጋባይት ብሎክ ከተነበበ አንድ ሴክተር ሲበላሽ ብሎኩ በሙሉ በዜሮ ሊሞላ ይችላል፤ ብሎኩን ወደ 512 ባይት ካወረዱት ደግሞ ሥራው እጅግ ይጎተታል። ከሁሉም በላይ የት እንደደረሰ መዝገብ አይዝም።

የመረጥሁት ጂኤንዩ ከተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት የወጣውን ዲዲሬስኪዩ ነው። አሠራሩ አስተዋይ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ በትልልቅ ብሎክ ያወጣል፣ ችግር ሲያጋጥመው ዘልሎ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ተመልሶ የተዘለሉትን ከዳርና ከዳር እየቆረጠ ያጠባል፤ የሆነውን ሁሉ ማፕ ፋይል በሚባል ትንሽ ጽሑፍ ላይ ይመዘግባል። ዲስኩ በመሐል ቢሞት እንኳ ጤነኛው ክፍል ቀድሞ ወጥቷል። በኡቡንቱ ላይ ለሚጭነው ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ የፓኬጁ ስም በፊቱ ጂ ተጨምሮበት ጂዲዲሬስኪዩ ይባላል፣ ትእዛዙ ግን ያለ ጂው ነው፤ በመሐሉ የታች ሰረዝ (_) ያለበት ዲዲ ሬስኪዩ ደግሞ ሌላ ሰው የጻፈው ሌላ ፕሮግራም ነው። እኔ ሁሉን አሟልቶ በያዘው፣ ሲስተምሬስኪዩ በተባለው የሊኑክስ ፍላሽ ማሽኑን አስነሣሁ።

ሁለቱን ዲስኮች በዩኤስቢ ሳይሆን በቀጥታ በሳታ ኬብል ከሥራ ጠረጴዛዬ ዴስክቶፕ ጋር አያያዝኋቸው። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው ኤስዲኤና ኤስዲቢ የሚሉት ስሞች ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊቀያየሩ ስለሚችሉ ምንጭና መድረሻን የለየሁት በመለያ ቁጥራቸው ነው፤ ቁጥሩን ከዲስኩ ተለጣፊ ላይ በወረቀት ገልብጬ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ጮክ ብዬ እያነበብሁ አመሳከርሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀኝ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርሁ። 58 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው መጠባበቂያ) ባትሪው የደከመ ስለሆነ አንድ ደቂቃ እንኳ አልያዘም። ማፕ ፋይል ስላለኝ አልተጨነቅሁም ነበር፤ መብራት ሲመጣ ግን ፋይሉ የለም። ያስቀመጥሁት ከፍላሽ የተነሣው ሲስተም የቤት ፎልደር ውስጥ ሲሆን፣ ያ ፎልደር ያለው በራም ላይ ነው፤ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። መዝገብ ከሌለ የቱ እንደተገለበጠና የቱ እንዳልተገለበጠ ፕሮግራሙ አያውቅም፤ ከዜሮ መጀመር ነው። የታመመው ዲስክ በእኔ ስህተት የአንድ ሰዓት ትርፍ ድካም ተሸከመ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ለዩፒኤሱ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆነ አዲስ ባትሪ በ2,400 ብር ገዝቼ ቀየርሁ። ማፕ ፋይሉን ለብቻው በሌላ ፍላሽ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁ። የዲስኩ ሙቀት 46 ዲግሪ ደርሶ ስለነበር ከፊቱ አንድ የኬዝ ፋን አቆምሁ፤ ወደ 37 ወረደ። ኅዳር የደሴ ብርድ ለሰው ባይመችም በዚህ ሥራ ላይ ረድቶኛል።

የመጀመሪያው ዙር፣ ጥልቅ ፍለጋውን እንዲተው ታዝዞ፣ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ80 እስከ 100 ሜጋባይት ሲያነብ ቆይቶ 41 በመቶ አካባቢ ወደ ኪሎባይት ወረደ፣ ዘለለ፣ ቀጠለ። ማክሪየም የቆመው እዚሁ ቦታ ላይ ነበር። በመሐል መብራት ለስምንት ደቂቃ ያህል ጠፍቶ ነበር፤ ዩፒኤሱ ያዘ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሁለተኛው ዙር። የሊኑክስን የመሸጋገሪያ ማስታወሻ (ካሽ) አልፎ በቀጥታ እንዲያነብና የቀሩትን ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አዘዝሁት። 40 ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ያልተነበበው 12,288 ባይት ብቻ ሆነ፣ ማለትም ከዘጠኙ የውስጥ ሴክተሮች ስድስቱ ተርፈው ሦስቱ ቀሩ። ተጨማሪ ዙር መሞከር ይቻል ነበር፤ ድምፁን እየሰማሁ አልደፈርሁም። የታመመውን ዲስክ ነቅዬ በፕላስቲክ ጠቀለልሁት።

ሦስቱ ሴክተሮች የየትኛው ፋይል አካል እንደሆኑ ማወቅ ነበረብኝ፤ ፒችትሪ ላይ ቢያርፍ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆናል። ዲዲሬስኪዩ ለዚህ መላ አለው። በማፕ ፋይሉ እየተመራ፣ በቅጂው ላይ፣ ያልተነበቡትን ቦታዎች በመረጡት ቃል ይሞላል፤ ከዚያ ያንን ቃል በፋይሎቹ ውስጥ መፈለግ ነው። ቅጂውን ለንባብ ብቻ ከፍቼ ፍለጋውን ማታ አስነስቼ ሄድሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ውጤቱ፦ ከሦስቱ አንዱ የዊንዶውስ የሃይበርኔሽን ፋይል ውስጥ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም። ሁለቱ ያረፉት በ2014 ዓ.ም. በተነሣ አንድ ሰርግ ሁለት ፎቶዎች ላይ ነው። ሁለቱም ይከፈታሉ፤ ከመካከላቸው በታች ግን ቀለማቸው ተዛብቶ ግራጫ ሆኗል። የፒችትሪው ፎልደር ንጹሕ ነው። ለባለቤቱ ደወልሁና እንዳለ ነገርኋቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «አብሽር፣ ሒሳቡ ከተረፈ ይበቃል» አሉኝ፤ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

ቼክዲስክ አሁን ቦታው ነው፤ በቅጂው ላይ አስኬድሁት። ሁለት ጥቃቅን ስህተቶች አስተካከለ። ሃይበርኔሽኑን ከውስጥ ማጥፋት ስላልቻልሁ የሃይበርኔሽን ፋይሉን ራሱን ሰረዝሁት። ከዚያ ጂፓርትድ በተባለው የፓርቲሽን ማስተካከያ የዲን ፓርቲሽን ከ315 ወደ 295 ጊጋባይት አሳነስሁ። እዚህ ላይ የጊጋባይት ሁለት ትርጉም መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ ኤስኤስዲው በሻጩ አቆጣጠር 480 ቢሆንም በጂፓርትድና በዊንዶውስ አቆጣጠር 447.13 ነው። ሲ 150፣ ዲ 295 እና ግማሽ ጊጋ የማትሞላው የመነሻ ፓርቲሽን ተደምረው 445.5 ይመጣሉ፤ ሁለት ጊጋ እንኳ አልተረፈም፣ ግን ገባ።

ክሎንዚላ አሁን ተመልሶ መጣ። ከዲስክ ወደ ዲስክ፣ ኤክስፐርት ሞድ፣ የመድረሻውን መጠን እንዳይቆጣጠር የሚያደርገውን አማራጭ አብርቼ ሰጠሁት። የተያዙትን ብሎኮች ብቻ ስለገለበጠ በ55 ደቂቃ አለቀ። ክሎንዚላ ማክሰኞ እምቢ ያለኝ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ያኔ የሰጠሁት ዲስክ ነው ያልሆነው።

ለማረጋገጥ ዲስኮቹን ሴክተር በሴክተር ማወዳደር ትርጉም አልነበረውም፣ ፓርቲሽኑ አንሷልና። ስለዚህ ሁለቱን ዲ ፓርቲሽኖች ለንባብ ብቻ ከፍቼ አርሲንክ በተባለው የፋይል ማመሳከሪያ፣ ምንም ሳይገለብጥ የይዘት ድምር እያሰላ ልዩነት ካለ ብቻ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ምንም አልነገረኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ማሽኑን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ኬዙን እግሬ መሐል አድርጌ፣ አሮጌውን ዲስክ ለብቻው በጋቢ ጠቅልዬ ተጓዝሁ። ኤስኤስዲው ለመንገድ ደንታ የለውም፤ ለአሮጌው ነው የፈራሁት።

ስቱዲዮው ውስጥ ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ የመነሻ መሣሪያውን ማግኘት አልቻልሁም ይላል። ቅዳሜ ማታ ደሴ ላይ ሳስነሣው ያለ ችግር ተነሥቶ ነበር። ክሎኑ ተበላሽቷል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ ስገባ ግን ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ላይ ቆሟል፤ የእናት ቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሞታ ስለነበር ከመብራት ተነቅሎ ሲቆይ የባዮሱ ቅንብር በሙሉ ወደ ፋብሪካው ተመልሷል፣ የዲስክ ማገናኛው የሳታ አሠራርም ኤኤችሲአይ ከሚባለው ዘዴ አይዲኢ ወደሚባለው የድሮ ዘዴ ዞሯል። ዊንዶውስ የተጫነው በኤኤችሲአይ ስለሆነ ዲስኩን አላወቀውም። ወደ ነበረበት መለስሁት፣ ባትሪዋንም ከአጠገቡ ካለ የሰዓት ሱቅ በ150 ብር ገዝቼ ቀየርሁ። 24 ሰከንድ ላይ የዊንዶውሱ ገጽ ወጣ።

ፒችትሪ ተከፈተ። ባለቤቱ የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከወረቀት ጥራዛቸው አንብበው ከስክሪኑ ጋር አመሳከሩ፤ ገጠመ። ሁለቱን የተበላሹ ፎቶዎችም አሳየኋቸው። ሙሽሮቹን ያውቋቸዋል፤ የታተመው አልበም እነሱ ዘንድ ስላለ ከዚያ በስካነር እንደሚያነሡት ነገሩኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። እሳቸው የኤስኤስዲውን 6,800፣ የባትሪዋን 150 እና ቀድሞ የተስማማንበትን 1,500 ብር የእጅ ዋጋ ከፈሉ። 1 ቴራባይቱና የዩፒኤሱ ባትሪ፣ በድምሩ 5,600 ብር፣ የሱቄ መሣሪያ ሆነው ስለሚቀሩ በእኔ ላይ ናቸው፤ የ140 ብሩን የደርሶ መልስ ትራንስፖርትም አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ከስድስቱ ቀን ሁለቱን ያባከንሁት እኔ ነኝ።

አሮጌው ዲስክ «የታመመ፣ አይጫን» ተብሎ ተጽፎበት በስቱዲዮው ካዝና ተቀምጧል። በ1 ቴራባይቱ ላይ ያለው ቅጂና ማፕ ፋይሉ እስከ ታኅሣሥ 8 እኔ ዘንድ ይቆያሉ፤ እስከዚያ ከስቱዲዮው የጎደለ ነገር ካልተጠየቅሁ እሳቸው ባሉበት አጠፋቸዋለሁ።